ተኝታለች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ በዝግጅቴ እንግዳ የለኝም፤ ልጋብዝም አልፈለግሁም። እማዬ ደህና ናት፤ በመልእክት የጠየቃችሁኝን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ እርሷ ሕመም ልነግራችሁ አይደለም የተቀመጥሁት፤ በጤና ጣቢያው ውስጥ ሳልናገር ስለ ቀረሁት አንድ ቃል ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከበራችን ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለውን ግቢያችንን ታውቁታላችሁ፤ ውኃ የምናጠራቅምበትን የበርሜሉንም ነገር ስንት ጊዜ አንሥቼባችኋለሁ። ወሩ ግንቦት ነበር፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ድሬ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ጋደም የሚልበት፣ የቆርቆሮው በር እጅ የሚያቃጥልበት ሰዓት። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጃንጥላዋን በብብቷ ሸጉጣ፣ ትልቁን መዝገብ ደረቷ ላይ አስደግፋ ቆማለች። ከንፈሯ ደርቋል። «እናትሽ አለች? ግፊቷን ልለካት ነበር» አለችኝ።

«ተኝታለች» አልኳት።

እማዬ አልተኛችም ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅም ነበር፤ ድምፃችንን እንዳትሰማ ያደረጋት ሬዲዮው ብቻ ነው። ለምን እንደዋሸሁ ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። የዝግጅቴ የቀደመው ክፍል ቅጂ በእጄ ላይ ስለ ነበረ ይሁን፣ ባለፈው ጊዜ መጥታ ስለ በርሜሉ ለረጅም ሰዓት ስላስረዳችኝ ይሁን፣ ወይስ ጠንካራ ሆና የማያት እናቴ ልትታመም ትችላለች ብዬ ማሰብ ስላልፈለግሁ፣ አላውቅም። ልጅቷ ግን አልተከራከረችኝም። መዝገቡን ከፈተች፣ እስክሪብቶዋን አወጣች፣ አንድ ነገር ጻፈች፣ «እሺ፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብላ ጃንጥላዋን ዘረጋች። ውኃ እንኳን አላቀረብሁላትም። በዚያ ሙቀት፣ ከንፈሯን እያየሁ፣ ውኃ አላቀረብሁላትም።

ስለ በርሜሉ አንድ ነገር ልበል፤ ዋናው ነገር ላይ እመለሳለሁ። እኛ ድሬዎች ውኃ በመጣ ቀን ያገኘነውን ዕቃ ሁሉ ሞልተን የማስቀመጥ ልማድ አለን፤ ሮቶ፣ በርሜል፣ ጀሪካን። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በትንኝ የሚተላለፈው፣ መገጣጠሚያ የሚይዘው ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያጥለቀልቀው፣ ስንቶቻችን እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዘን እንደሄድን የምትረሱት አይመስለኝም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ ያልተለመደ አካሄድ አሳየች፤ ተመራማሪዎች የደረሱባት አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ረግረግ ሳትፈልግ፣ እንደኛ ግቢ ባለ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ ናት። እንግዲህ ያቺ ልጅ በርሜሉን ክደኚ ስትለኝ የኖረችው ለዚህ ነበር። እኔ ግን ጊዜዬን የምትወስድብኝ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ጤና ጣቢያው ልመለስ። ጥቅምት ላይ እማዬ ማዞርና ማጅራት ራስ ምታት ሲበረታባት በባጃጅ ይዣት ሄድሁ። ካርድ ክፍል ወረፋ ጠበቅን፤ ከዚያ አንዲት ነርስ ጨርቁን ክንዷ ላይ ጠቅልላ ለካቻት፣ ፊቷን ሳትለውጥ ጥቂት አሳርፋ ድጋሚ ለካቻት። 190 በ110። ከ140 በ90 ጀምሮ ከፍተኛ ግፊት እንደሚባል ታውቃላችሁ። ነርሷ የሌላ አገር ልጅ ትመስለኛለች፤ ድሬ ውስጥ አዋቂውንም ሕፃኑንም በፍቅር «አንቺ» ስንል እርሷ እማዬን «እርስዎ» ነበር የምትላት። «እናቴ፣ ከዚህ በፊት ግፊትዎን ተለክተው ያውቃሉ?» አለቻት።

እማዬም «ማን መጥቶ ለክቶኝ፣ ልጄ» አለች።

ይህችን ቅጽበት ነው በየሌሊቱ የማያት። እማዬ አልዋሸችም፤ የምታውቀውን ተናገረች። ነርሷ ራሷን ነቀነቀች፤ ወደ ጎን፣ ካርድ ወደምትደረድረው ሴት ዞር ብላ «እነዚህ ኤክስቴንሽኖች ግን ቤት ለቤት ሄድን እያሉ የት ነው የሚውሉት?» አለች። ሴትየዋ ካርዶቹን መደርደር አቆመች። የእማዬ እጅጌ እንደተጠቀለለ ነበር። እኔ ከአልጋው አጠገብ፣ የእማዬን ነጠላ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። «መጥታ ነበር፤ እኔ ነኝ የመለስኳት» ለማለት አራት አምስት ቃል ይበቃ ነበር። ነጠላውን አጠፍሁት፣ ፈታሁት፣ እንደገና አጠፍሁት። ነርሷ የግፊት ኪኒን፣ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም ጽፋ ወረቀቱን ሰጠችኝ፤ ጨው እንድትቀንስና ቶሎ ተመልሳ እንድትታይ ነግራት ቀጣዩን ታካሚ ጠራች። ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

የሚያብሰለስለኝ እንዲህ ያለው ነገር ከአንድ ሰው በላይ ስለሆነ ይመስለኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ሕክምና በር ላይ እንዲደርስ ነበር፤ በገጠር ለአንድ ጤና ኬላ ሁለት ሴቶች፣ ከዚያው ከአካባቢው ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው እንዲሠሩ ተደረገ። አምስት ጤና ኬላዎች ለአንድ ጤና ጣቢያ ይጠጋሉ፤ ጤና ጣቢያውም 25,000 ያህል ሰው ይይዛል። ወደ ከተማ ሲመጣ ደግሞ ነርሶች ተመደቡ፤ አንዲት ባለሙያ 500 ያህል አባወራ እንድታዳርስ ታሰበ፤ አንድ የከተማ ጤና ጣቢያም ለ40,000 ሰው። አምስት መቶ በር አስቡት። በግንቦት ፀሐይ፣ በእግር፣ ከየበሩ ጀርባ ስንቱ «ተኝታለች» እንደሚል አስቡት።

ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ ያለችው አክስቴን ጠይቄያት ነበር። በእነርሱ መንደር ባለሙያዋ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ገብታ ቡና ሳትጠጣ አትወጣም፤ የክትባት ቀን ሲያልፍ በስም ትጣራለች። እኛ ከተማ ውስጥ ያለነው የምናምነው ነጭ ጋውን የለበሰውንና ሕንፃ ውስጥ የተቀመጠውን ነው። ጤና ጣቢያ ይሠራልን እያልን እንጮኻለን፤ እርሱም ይገባል፤ አልቃወምም። ግን ከጤና ጣቢያው ወደ እኛ የመጣችውን…

ደግሞ ሁሉንም ወደ ራሴ ማዞር ልክ አይመስለኝም። ያን ዕለት የተጻፈልንን መድኃኒት ከዚያው ፋርማሲ አላገኘነውም፤ «ከውጭ ግዙ» ተባልን። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ግፊት ግን ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ኪኒን ይዞ ነው የሚመጣ፤ የጤና መድን የሌለው ሰው በየወሩ ከኪሱ ያወጣል። ካርድ ክፍል ከጎናችን የነበሩት ሽማግሌ ኪኒኑን አንድ ቀን እየዘለሉ እንደሚውጡ ነገሩኝ፣ እንዲበረክትላቸው። ይህን ስሰማ ተናድጄ ነበር። ንዴቴ ግን ወዲያው ወደ ዝምታዬ ተመለሰ፤ ለምን እንደሆነ በቅጡ ልነግራችሁ አልችልም።

ባለፈው ሐሙስ በሩ ተንኳኳ። ሮጬ ከፈትሁ። ሌላ ልጅ ናት፤ አዲስ። የቀድሞዋን ስጠይቃት ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛውራለች አለችኝ። መዝገቡን አሳዪኝ አልኳት፤ በግንቦት የተጻፈውን ማየት ፈልጌ ነበር። «ቤት የለም» ብላ ይሁን፣ «ፈቃደኛ አይደሉም» ብላ ይሁን፣ ወይስ እኔ ያልኩትን አምና «ተኝታለች» ብላ። ይህ አዲስ መዝገብ ነው፣ አሮጌው ጤና ጣቢያ ነው ያለው አለች። አስገባኋት። ውኃ ሰጠኋት፤ ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። እማዬ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ 150 በ95 ሆነ፤ ወርዷል። ልጅቷ ስትጽፍ እማዬ በፈገግታ «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ ግን፣ ልጄ?» አለቻት።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ እናቴ» አለች፣ እርሷ ያላጠፋችውን።

እኔም እዚያው፣ በበርሜሉ አጠገብ፣ ክዳኑን ይዤ ቆሜ ነበር፤ «እማዬ» ብዬ ጀመርሁ፤ እርሷም «ወዬ» አለችኝ፤ ከዚያ…