ምንጣፍ ላይ የተሣለ ቤት

እንደምን ዋላችሁ! እንኳን ለጥልፍ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ አደረሳችሁ። ዝናቡን ችላችሁ፣ ልጅ ሁሉ አዝላችሁ የመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። የሂሳቡን ነገር ገንዘብ ያዣችን ከሻይ በኋላ ታቀርባለች። እኔ የማወራው ስለ ዘንድሮው ኤግዚቢሽን ብቻ ነው።

ግድግዳው ላይ እንደምታዩት፣ ዘንድሮ የመረጥነው ፍልስጤማውያን ያጡትን ቤት በጥልፍና በሥዕል እንዴት እንደሚያስታውሱት ነው። ነገሩ ሲነሳ አንዳንዶቻችሁ «የራሳችን ተፈናቃይ ሞልቶ የሰው አገር ምን አስኬደን?» ብላችኋል። ቅር አላለኝም፣ ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እስቲ ሐሳቡ ከየት እንደመጣልኝ ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ቤይሩት ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እሁድ ፈቃድ ሳገኝ ሳብራ ገበያ እወርዳለሁ። ርካሽ ነው፣ የእኛም ልጆች አይጠፉም። ከገበያው አለፍ ሲሉ ሻቲላ አለ፣ በ1949 የተቋቋመ የፍልስጤማውያን ካምፕ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው)። ካምፕ ስላችሁ ድንኳን እንዳይመስላችሁ። ቤት በቤት ላይ የተደራረበበት፣ የመብራት ሽቦ ከራስ በላይ የተተበተበበት ጠባብ ሰፈር ነው። እዚያ ጥልፍ የምትጠልፍ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ተዋወቅኩ። «ኻልቲ» ነበር የምላት፣ አክስቴ ማለት ነው።

አንድ ቀን የድሮ ቤታችሁ ቁልፍ አለሽ ወይ አልኳት። የለኝም አለች። ትንሽ ዝም አለችና ጣቷን ምንጣፉ ላይ አድርጋ መሣል ጀመረች። ይሄ በሩ። ይሄ የውሃ ጉድጓዱ። ይቺ በለሷ። እዚህ ጋ ዳቦ የሚጋገርበት ታቡን፣ ጭሱ በዚህ በኩል ነው የሚወጣው። የምንጣፉ ጸጉር እየተጋደመ መስመር ይሠራል። ስትጨርስ በመዳፏ አበሰችው። እኔን ዝም ያሰኘኝ ምን መሰላችሁ፣ ኻልቲ የተወለደችው እዚያው ካምፕ ውስጥ ነው፤ ከገሊላ የወጣችው እናቷ ናት፣ ልጅቷ ያንን ቤት በዓይኗ አይታው አታውቅም።

በ1948፣ እስራኤል በተመሠረተችበት ጦርነት ጊዜ፣ ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከ400 በላይ መንደሮች ባዶ ቀሩ፣ አብዛኞቹም ፈረሱ። ነክባ ይሉታል፣ መዓት እንደማለት። ቁጥሩን ሰምተን እናልፈዋለን። ጭሱ በየት በኩል እንደሚወጣ የነገሩትን ሰው ግን እንዴት ብሎ ያልፈዋል? ኮሚቴው ላይ አጥብቄ የተከራከርኩትም ለዚህ ነው፤ «ሐዘን» የሚል ርዕስ የተሰጠው ማንንም የማይመስል ሥዕል አይግባ፣ ስም ያለው፣ ቦታ ያለው ሥራ ይግባ ብዬ።

ለምሳሌ ፍልስጤማዊውን ሠዓሊ ኢስማኢል ሻሙጥን ውሰዱ። በ1948 ከሊዳ ከተማ ከቤተሰቡ ጋር በሐምሌ ሐሩር በእግሩ ተባረረ፣ ትንሽ ወንድሙ መንገድ ላይ በውሃ ጥም ሞተ። በ1953 ጋዛ ላይ ባሳየው ሥዕል አንድ ሽማግሌ የተኛ ሕፃን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ የሚያለቅስ ልጅ በእጁ ይዞ ይሄዳል። ርዕሱ «ወዴት?» ነው። የሠዓሊውን ታሪክ ሳታውቁ ካያችሁት አሳዛኝ ሥዕል ነው። አውቃችሁ ስታዩት ግን ልጆቹን ደጋግማችሁ ትቆጥራላችሁ።

ለእኛ ለጠላፊዎች ደግሞ የሚቀርበው የፍልስጤማዊቷ አርቲስት የኤሚሊ ጃሲር ድንኳን ነው። በ2001 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የስደተኛ ድንኳን አቆመችና በ1948 ሰው አልባ የሆኑ የ418 መንደሮችን ስም በጥቁር ክር መጥለፍ ጀመረች። ብቻዋን አልቻለችውም፣ በሯን ከፈተች። ከ140 በላይ ሰዎች እየመጡ ጠለፉ። ጠበቃው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ሙዚቀኛው። ከእነዚያው መንደሮች የተፈናቀሉ ፍልስጤማውያን ነበሩበት፣ በመንደሮቹ ፍርስራሽ ላይ ያደጉ እስራኤላውያንም ነበሩበት። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌ የምትታየኝ መርፌዋ ናት። መርፌ የያዘ ሰው አጎንብሶ አንዷን ፊደል ማየት አለበት፣ ሌላ መንገድ የለውም።

ጥልፋቸው ታትሪዝ ይባላል፣ ዩኔስኮም በ2021 መዝግቦታል። እኛ የቀሚስ ጥለት አይተን ይህቺ የየት አገር ሰው ናት እንደምንለው፣ እነሱም ድሮ ከጥልፉ መንደሯን ይለዩ ነበር። በመጀመሪያው ኢንቲፋዳ፣ በእስራኤል ላይ ባመፁበት ጊዜ፣ ባንዲራቸው ሲከለከል ሴቶቹ ቀሚሳቸው ላይ ጠለፉት። ኻልቲ ጥልፍ ስታይ መጀመሪያ ትገለብጠዋለች። ጀርባው ላይ ቋጠሮ ከበዛ «ፍቺው» ነው የምትለው። የእኔን ስንቴ እንዳስፈታችኝ!

የጋዛውን በየቀኑ ስለምታዩት አላበዛም። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ከጋዛ ሕዝብ ወደ 70 በመቶ የሚሆነው ቀድሞውንም የ1948 ተፈናቃይ ወይም የተፈናቃይ ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ከጥቅምት 2023 ወዲህ ደግሞ ሁለት ሚሊዮን ከሚሆነው ሰው አብዛኛው እንደገና ተፈናቀለ፣ ብዙው ደጋግሞ። ቤቱ ሲፈርስ የአያት ቀሚሱም ሥዕሉም አብሮ ነው የሚሄደው።

በሉ እንግዲህ፣ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ስድስት ሜትር አቡጀዲ ተዘርግቷል። ሊፍታ፣ ሰፉሪያ፣ ኢቅሪት እያልን የመንደሮቹን ስም በእኛው ፊደል በእርሳስ ጽፈንበታል። እያንዳንዳችሁ አንድ ስም ትጠልፋላችሁ። ከታች አንድ መደዳ ባዶ ትተናል፣ እሱ ጥያቄውን ላነሳችሁት ነው። ጥሎት የመጣውን ሰፈር ስም ማስገባት የሚፈልግ አባል ራሱ ይጻፈው፣ አጠገቡ ያለ ሰው ያግዘው። መርፌ ለሁላችንም ይበቃል። መነጽር የረሳችሁ ክሩን ልጆቹ ያስገቡላችኋል።