አልደረሰችም

እንዴት ዋላችሁ። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፣ ግን አልሆነልኝም። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር የሆነው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ዋርካው ስር ነን። ታውቋታላችሁ፣ የኛዋ ዋርካ። ጊታሬንና ትንሿን አምፕ፣ ድምፅ ማጉያዋን፣ ይዣለሁ። የፒንክ ፍሎይድን ዘፈን ኮምፈርተብሊ ነምብን እየተጫወትኩ ነው፣ ሁለተኛውን ሶሎ፣ ጊታሩ ዜማውን ለብቻው የሚይዝበትን፣ ስምንት ወር የለፋሁበትን። ጎናችን ድንጋይ ላይ አንድ አዛውንት አዝማሪ ተቀምጠዋል። ማሲንቋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የማታ ስራቸውን ይጠብቃሉ። ፀሐይዋ ወደ ዘጌ በኩል አዘቅዝቃለች።

ጨረስኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሳቸው ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ያቺ ድምፅ አልደረሰችም» አሉኝ።

«የቷ አባቴ?»

በአፋቸው አዜሙልኝ። ዘፈኑን ሰምተውት አያውቁም እኮ! አንዴ ነው የሰሙት፣ ያውም ከኔ። ግን ትክክል እሷኑ ነው ያወጧት። ሶስተኛዋ ክር፣ 9ኛው ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች ዘጠነኛው። ኢ የምትባለውን ድምፅ ይዘህ ክሩን ትገፋና ኤፍ ሻርፕ የምትባለው ላይ ታደርሳለህ፣ ሙሉ አንድ ቶን። እኔ ትንሽ ሲቀረኝ ነበር የምቆመው። እዚያው በቫይብራቶ አንቀጠቅጣትና የደረሰች ትመስለኛለች።

ማሲንቋቸውን አነሱ። ማሲንቆ ፍሬት የለውም። ክሩን እንጨቱ ድረስ አይጫኑትም፣ በጣት ጫፍ ይነኩታል። ድምፁ የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው ጆሮ ነው። ደጋኑን ሳቡ፣ ጣታቸው ቀስ እያለ ተንሸራተተ፣ ደረሰች። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

«ባቲ አይደለች እንዴ?» አሉ ደግሞ። እውነታቸውን ነው! ሶሎው ቢ ማይነር ነው። ዋናዎቹ አምስቱ ድምፆች ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ ናቸው። ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝት ይኸው ነው። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ፔንታቶኒክ፣ ባለ አምስት ድምፅ፣ እያልኩ ከዩቲዩብ ሳጠናው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በየሰርጉ የሰማሁት ነገር መሆኑ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ስለዚህ ሌላ ቀን ሰፋ አድርጌ ላውራ። አሁን ሌላ ነገር ነው የያዘኝ።

ይህን ሶሎ ለምን እንደመረጥኩት ታስታውሳላችሁ። ሐሳባችን የኢግልስ ዘፈን ሆቴል ካሊፎርኒያ ነበር፣ የእኔና የእሱ። ጊታር ያስያዘኝን ልጅ ማለቴ ነው። ያ ሶሎ የዶን ፌልደርና የጆ ዋልሽ ነው። እየተቀባበሉ ይመጡና መጨረሻው ላይ ሁለቱ ጊታሮች አብረው ይወርዳሉ። ብቻህን ስትጫወተው ግማሹ የለም። እሱ አዲስ አበባ ሲገባ ተውኩት። ሱልጣንስ ኦፍ ስዊንግ የሚለውን ዘፈን ሞከርኩ። ጊታሪስቱ ማርክ ኖፍለር ያለ ፒክ፣ ያለ መምቻ፣ በጣቱ ነው የሚጫወተው፣ ቀኝ እጄ እምቢ አለኝ። ከዚያ ይሄ የዴቪድ ጊልሞር መጣ፣ በፈረንጅ 1979 የወጣው። ዝግ ያለ ስለሆነ ይቀለኛል ብዬ ነበር። ፈጣን ሶሎ ላይ አንዷን ብትስት ቀጣይዋ ትሸፍንልሃለች። እዚህ ግን ድምፅዋ ብቻዋን ቆማ ትሰማለች። ሁሉም ሰው ይሰማታል።

ሁሉም ሰው... እሱም ማለት ነው።

በየሳምንቱ ቀድቼ በቴሌግራም እልክለት ነበር። «አሪፍ ነው፣ ቀጥል» ይለኛል። ሁሌም እንደዚያ ነው። ጊታር ስቃኝ እኮ ከሌላ ክፍል ሆኖ «ሁለተኛዋ ወርዳለች» የሚለኝ ሰው ነው። እንዴት ስምንት ወር ሙሉ አልሰማትም? ወይስ እንዳይከፋኝ ብሎ ነው? ወይስ... ከፍቶ አላዳመጠውም? ይቺ ናት የምታመኝ።

ቅዳሜ ማታ ተናድጄ ረጅም ነገር ጻፍኩለት። አጠፋሁት። አሁን ሳወራው ደግሞ ንዴቱ የት እንደሄደ እንጃ። ምናልባት እዚያ ስራው ውጥር አድርጎት ይሆናል። መጀመሪያ ያስተማረኝ ቀን ጣቴ ደምቶ «ይበቃናል» ብሎ ጊታሩን ከእጄ የወሰደው እሱ ነው። እና ምናልባት... አላውቅም።

አዝማሪው ሲሄዱ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ማታ ማታ የት እንደሚጫወቱም አላወቅኩም። ትናንት ዋርካው ጋ ሄጄ ነበር፣ አልነበሩም።

ድምፅዋ አሁን ትደርሳለች መሰለኝ። ዛሬ ጠዋት በመቃኛው አየኋት፣ ኤፍ ሻርፕ ላይ ቆመች። ቀድቻታለሁ፣ ስልኬ ላይ አለች። ለእሱ ልላክለት ወይስ መጀመሪያ...

ቆይ እስኪ።