ቻርጀሩ ከመኝታ ቤት ይውጣ

የተከበራችሁ የድሬዳዋ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የምናወራው ከራት በኋላ እስከ መኝታ ስላለችው ሰዓት ነው። ቤተሰብ የሚገናኝባት ሰዓት ናት፤ ስልክ ሲበላት ያሳዝናል።

ከዐይን እንጀምር። በወትሮው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ዐይን ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ወደ 5 ወይም 7 ይወርዳል። እንባው ቶሎ ቶሎ ስለማይዳረስ ዐይኑ ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፣ ይቀላል። በድሬ ሙቀት ላይ ቬንትሌተር ፊት ለፊት ሲነፋ ደግሞ ይብሳል፤ ወደ እግር አዙሩት። ቀን በስክሪን የምትሠሩም በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ተመልከቱ።

ወደ እንቅልፍ እንምጣ። ሲመሽ አንጎላችን ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ያዘገየዋል። ብዙ ሰው የስክሪኑን ቀለም ወደ ቢጫ ቀይሮ የተገላገለ ይመስለዋል። ክርክሩ፣ ዜናው፣ ማለቂያ የሌለው አጭር ቪዲዮ ግን ቀለሙ ቢቀየርም አእምሮን ያነቃል። ከሰዓት በኋላ ጫት የቃመ ሰው ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳው ጫቱም ጭምር ነውና ጥፋቱን ሁሉ በስልክ አያላክክ።

እንግዲህ በ4 ሰዓት የምትተኙ ከሆነ በ3 ሰዓት ዳታና ዋይፋይ ይጥፋ፣ ስልኩም ሳሎን ቻርጅ ይደረግ። ትራስ ሥር ከሆነ እጅ ሳያስበው ይሄዳል። «የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው» ለምትሉ፣ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል። «ሌሊት ዘመድ ቢደውልስ?» ለምትሉ ደግሞ፣ ሴቲንግ ገብታችሁ የመረጣችኋቸው ሰዎች ጥሪ ብቻ እንዲጮህ አድርጉ።

ብዙ ቤት የሚከሽፈው እሑድን ሙሉ ያለ ስልክ ለመዋል ሲነሳ ነው። በ15 ደቂቃ ጀምሩ፤ በየሳምንቱ 10 ጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ልጆች «ሰለቸን» ይላሉ። ታገሡ፤ ጨዋታ የሚፈጥሩት ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ቴሌቪዥን ከከፈታችሁ ስክሪን ቀየራችሁ እንጂ ምንም አላደረጋችሁም። ስልክ መንጠቅ ቅጣት ከሆነ ልጁ ፀጥታውንም እንደ ቅጣት ያየዋል። አባት እየነካካ ልጅን መከልከልማ ጨርሶ አይሆንም።

ቆርቆሮው የቀኑን ሙቀት እስኪተፋ ምንጣፍ ግቢ አንጥፉ፣ ወይም ከዚራ ሰፈር ባሉት ዛፎች ሥር ወክ አድርጉ። ከተማችን በትንኝ የሚተላለፉት ወባና የደንጊ ትኩሳት ስላሉባት እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ።

ትንንሾቹን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው፤ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን አይመከርም፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ። ሕፃን ሲያለቅስ ስልክ ማቀበል ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል፤ ነገ ግን ያንኑ ስልክ ፈልጎ ያለቅሳል።

ዛሬ ማታ የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሳሎን ሰኩት። እናመሰግናለን።