መስመሩ ሲበጠስ ሪሌዩ ምን ያደርጋል?

የተከበራችሁ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎችና ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የምናየው ቲንከርፎርጅ የተባሉትን የጀርመን ሞጁሎች ከኖድ-ሬድ ጋር ማገናኘት ነው። ኖድ-ሬድ እ.ኤ.አ. በ2013 አይቢኤም ውስጥ የተጀመረ፣ ሳጥኖችን በመስመር እያያያዝን ፕሮግራም የምንሠራበት መሣሪያ ነው። ለምሳሌ የእንቁላል መፈልፈያ ማሞቂያን እንውሰድ፤ 37.5 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት።

አንድ ማስተር ብሪክ (ዋናው ሰሌዳ)፣ አንድ የሙቀት መለኪያ ብሪክሌት (ብሪክሌት ማስተር ብሪኩ ላይ የሚሰካ ትንሽ ሞጁል ነው)፣ አንድ ባለሁለት ሪሌይ (በትእዛዝ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ብሪክሌትና አንድ ራስበሪ ፓይ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃል። ፓዩ ላይ ሞጁሎቹን ከፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኘው ብሪክ ዴሞን፣ መልእክት ተቀብሎ የሚያደርሰው ሞስኪቶ፣ የቲንከርፎርጅ የኤምኪውቲቲ (የመልእክት መለዋወጫ ደንብ) ማገናኛና ኖድ-ሬድ ይጫናሉ። ሞስኪቶን ሌላ ኮምፒውተር ላይ የምታደርጉ ከሆነ ልብ በሉ፦ ከሞስኪቶ ስሪት 2.0 ወዲህ ማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ ፖርት 1883ንና የይለፍ ቃል ፋይሉን ካልጻፋችሁ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት አይቀበልም።

እያንዳንዱ ብሪክሌት ብሪክ ቪውወር በተባለው የቲንከርፎርጅ ፕሮግራም የሚታይ መለያ አለው፤ መለያው በመልእክቱ አድራሻ ውስጥ ይገባል፣ ትልቅና ትንሽ ፊደልም ይለያል። ዜሮ፣ ትልቁ ኦ፣ ትልቁ አይና ትንሹ ኤል መለያ ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም። ስለዚህ ዜሮ የመሰላችሁ ትንሹ ኦ ነው።

ንባቡ በራሱ እንዲመጣ ሁለት መልእክት መላክ ያስፈልጋል። አንዱ «ንባቡን ላክልኝ» የሚል ምዝገባ ነው፤ ሁለተኛው የጊዜ ክፍተቱን 1000 ሚሊሰከንድ ያደርገዋል። ሁለተኛው ከተረሳ ክፍተቱ ዜሮ ስለሆነ ምንም አይመጣም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወይም የዩኤስቢ ገመዱ ሲላላ ሞጁሉ ክፍተቱን ይረሳል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን መልእክት በየደቂቃው ድገሙት። የሚመጣው ቁጥር 3750 ከሆነ 37.50 ዲግሪ ማለት ነው፤ ለ100 አካፍሉት።

ማሞቂያው ከ37.3 በታች ይብራ፣ ከ37.7 በላይ ይጥፋ። መካከል ላይ የቀድሞ ሁኔታውን ይያዝ። በአንድ ቁጥር ብቻ ካሠራችሁት ሪሌዩ ቀጭ ቀጭ እያለ ቶሎ ያልቃል።

ከሁሉ አጥብቄ የምለው ግን ይህን ነው። ሪሌዩን «ብራ» ብላችሁ አትተዉት። ኖድ-ሬድ በዚያች ቅጽበት ቢቆም ማሞቂያው እንደበራ ይቀራል፣ እንቁላሉም ይበስላል። ሪሌይ ብሪክሌቱ ሞኖፍሎፕ የሚባል ትእዛዝ አለው፦ «ለ3000 ሚሊሰከንድ ብራ፣ ከዚያ ራስህ ጥፋ»። ማሞቂያው መብራት እስካለበት ድረስ ትእዛዙ ይደጋገም፤ የሚነሳውም ከሰዓት ቆጣሪ ሳይሆን ከእያንዳንዱ የሙቀት ንባብ ይሁን። እንዲህ ከሆነ መለኪያው ዝም ሲል ትእዛዙም ይቆማል። ይህ የሚሠራው ግን ንባቡ «ሲለወጥ ብቻ ላክ» በሚለው ምርጫ ካልተዋቀረ ነው፤ አለዚያ ሙቀቱ በተረጋጋ ቁጥር ማሞቂያው ያለ ምክንያት ይጠፋል።

እንቁላሉን ከማስገባታችሁ በፊት ማሞቂያው በበራበት ኖድ-ሬድን አቁሙና 3 ሰከንድ ቁጠሩ። ቀጥሎ ኖድ-ሬድን አስነሱና የሙቀት መለኪያውን ንቀሉ። በሁለቱም ጊዜ ሪሌዩ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ትእዛዙ ከየትኛው ሳጥን እንደሚነሳ መልሳችሁ እዩ።

አመሰግናለሁ።