የትኛው ዘይት ምን ዓይነት ሳሙና ይወጣዋል?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ።

በሩ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ አይታችሁታል? ሦስት ሳሙና አስቀምጬበታለሁ። አንዱ በኮኮናት ዘይት ብቻ የተሠራ ነው። ሁለተኛው በወይራ ዘይት ብቻ። ሦስተኛው ድብልቅ ነው። መልካቸው ይመሳሰላል፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ቤቱ ውስጥ ሳያፈላ ሳሙና መሥራት የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «ለቆዳ የሚስማማው ዘይት የትኛው ነው?» ይለኛል። ከዚያ ውድ ውዱን ዘይት ገዝቶ ይመጣል። ግን ዘይቱ ሳሙናው ውስጥ ዘይት ሆኖ አይቆይም። ኮስቲክ ሶዳው፣ ማለትም ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገው የሚያቃጥል ኬሚካል፣ ያፈርሰዋል፤ ሌላ ነገር ያደርገዋል። ስለዚህ እኔ ዘይት ስመርጥ የምጠይቀው «ሳሙና ሲሆን ምን ይወጣዋል?» ብዬ ነው።

መልሱ ያለው ፋቲ አሲዱ ላይ ነው፤ ዘይት ሁሉ ከእነዚህ አሲዶች የተሠራ ነው፤ ዓይነታቸውና መጠናቸው ግን ከዘይት ዘይት ይለያያል። የኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ ሎሪክ አሲድ ነው። ሎሪክ ሳሙናውን ቶሎ ያጠነክረዋል፤ ትልልቅ አረፋ ይሰጠዋል፤ ቆሻሻን ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። የቆዳችሁንም ወዝ አብሮ ይወስደዋል። በዚያ በመጀመሪያው ሳሙና ስትታጠቡ ጣታችሁ ሲፋተግ ሲጮህ ትሰማላችሁ። ለልብስ ግሩም ነው። ለሰውነት ግን እኔ ከ30 በመቶ አላሳልፈውም። ቆዳው ለሚደርቅበት ሰው 20 ይበቃል።

የወይራ ዘይት አብዛኛው ኦሌይክ አሲድ ነው። ለቆዳ ገር ነው፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። አዲስ ሳለ ለስላሳ ነው፤ አረፋውም ጥቂትና ዝልግልግ ነው። ስድስት ወር፣ ከተቻለም ዓመት ሲከርም ነው ሰው የሚሆነው። ድብልቁ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቢደርቅ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ቅቤዎቹ። የወተቱን ማለቴ አይደለም፤ ከዛፍ ፍሬ የሚወጡትን የሺአና የካካዎ ቅቤ ነው። ስቴሪክ አሲዳቸው ብዙ ስለሆነ ሳሙናውን ያጠነክሩታል፤ አረፋውንም ደቃቅና ወፈር ያለ ያደርጉታል። ሲበዙ ግን አረፋውን ያፍኑታል። ካካዎ የበዛበት ሳሙና ሲቆረጥ ይሰነጠቃል። ሌላም ተንኮል አላቸው። ድብልቁ ከቀዘቀዘ ቅቤው መልሶ ይረጋል። እናንተ «በቃ፣ ወፈረልኝ» ብላችሁ ቅርጹ ውስጥ ትገለብጡታላችሁ። የወፈረው ግን ቅቤው ነው፤ ሶዳና ዘይቱ ገና አልተዋሃዱም። ስለዚህ ቅቤውን ሙሉ በሙሉ አቅልጡ፤ ከመቀላቀላችሁ በፊትም ብዙ አታቀዝቅዙት።

የጉሎ ዘይት ትንሹ ይበቃል። ከ5 እስከ 8 በመቶ ብታደርጉበት አረፋው ቶሎ አይጠፋም። ከዚያ ካለፈ ሳሙናው ይጣበቃል።

በሱፍ ዘይት አንዴ ተሸውጃለሁ። ግማሹን በእሱ ሠራሁ፤ ሲወጣ ደስ ይል ነበር። በሁለተኛው ወር ብርቱካናማ ነጠብጣብ አወጣ። አሸተትኩት፤ ያረጀ ዘይት ሆኗል። የተለመደው የሱፍ ዘይት ሊኖሌይክ አሲድ ይበዛበታል፤ ያ ደግሞ አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። ኦሌይኩ እንዲበዛ ተደርጎ የሚመረት ዓይነት አለ፤ እሱ ይሻላል። ተራው ከሆነ ከ10 እስከ 15 በመቶ ላይ አቁሙ።

አሁን የምነግራችሁን ግን እባካችሁ ያዙልኝ። ጀማሪ ሳለሁ አሠራሩ 300 ግራም የኮኮናት ዘይት ይላል፤ የእኔ ደግሞ አልቋል። «ዘይት ያው ዘይት ነው» ብዬ በወይራ ተካሁት። ሶዳውን እንደነበረው ተውኩት። ሞኝነት! 100 ግራም ኮኮናት 18 ግራም ያህል ሶዳ ይጠጣል፤ 100 ግራም ወይራ ግን 13 ተኩል አካባቢ ነው። ወደ 14 ግራም ሶዳ ሥራ ፈትቶ ቀረ። ለጥንቃቄ የተተወው ትርፍ ዘይት ከፊሉን ቢበላውም፣ የተረፈው እጄን ለበለበኝ። ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር፣ 50 ግራምም ብትሆን፣ ሶዳውን እንደገና አስሉ። 5 በመቶው ዘይት ሳይለወጥ እንዲተርፍ አድርጋችሁ አስሉት። ሚዛን የሌለው ሰው ሳሙና አይሥራ። ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው አታፍስሱ፤ መነጽርና ጓንትም አድርጉ።

ሦስተኛው ሳሙና እንዴት እንደተሠራ የምትጠይቁኝ አትጠፉም። 500 ግራም ወይራ፣ 250 ኮኮናት፣ 180 የሺአ ቅቤ፣ 70 ጉሎ። ሶዳውን ሆን ብዬ አልነገርኳችሁም፤ ራሳችሁ አስሉት። ውድ ዘይት ካላችሁ ሳሙና ውስጥ አትክተቱት፤ ታጥባችሁ ስትጨርሱ ተቀቡት።

ጠረጴዛው አጠገብ ውሃና ፎጣ አለ። በሦስቱም ታጠቡና የትኛው የትኛው እንደሆነ ንገሩኝ፤ ስም አልጻፍኩባቸውም።