ማርከሻው የለም

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ሙዚቃውን አላስገባሁም። የጎረቤት ዶሮ ከጮኸም ያው የምታውቁት ነው፣ አልቆርጠውም።

ስለ ሚጡ ከንፈር ነው፣ ፊለር፣ ማለትም ከንፈር የሚያወፍረውን መርፌ፣ ስትወጋ የሆነውን። ባለፈው ጀምሬ ተውኩት። አሁን ራሷ «አውሪው» ብላኛለች።

ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ፣ ሳሎን ውስጥ። ቡና ተፈልቷል። የምትወጋው ሴትዮ ደግ ናት፣ እውነቴን ነው፣ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ሚጡ መርፌውን ስታይ «ጉዳት አለው እንዴ?» አለች። ሴትየዋ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኩ። «ትንሽ ያብጣል እንጂ ምንም አይልም» አልኳት። እኔ! ከየት አምጥቼ? ቲክቶክ ላይ ካየሁት።

ሁለተኛው ሲወጋ የላይኛው ከንፈሯ በግራ በኩል ነጣ። እብጠት አይደለም፣ እንደ ወረቀት ነጣ። «አመመኝ፣ በጣም አመመኝ» እያለች እጄን ጨመቀችው። ሴትየዋ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። እስቲ አሁን ጥፍራችሁን ተጫኑና ልቀቁት። ይነጣና ወዲያው ደሙ ይመለሳል አይደል? የሚጡ አልተመለሰም። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... አልተመለሰም። «ኖርማል ነው፣ በረዶ ያዢበት» ተባለች።

ኖርማል አልነበረም። ኋላ ሐኪሟ እንዳስረዳችን ፊለሩ የደም ስር ዘግቶ ነው። ደም ያልደረሰው ቆዳ ይሞታል። አፍንጫና ግንባር አካባቢ ሲሆን ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ባይገጥምም፣ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። በረዶውም ስህተት ነበር፣ የደም ስሩን ያጠበዋል። ፊለሩ ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሆነ የሚያሟሟው መድኃኒት አለ፣ ሃያሉሮኒዴዝ ይባላል፣ በቶሎ መወጋት አለበት። ሲሊኮን ቢሆን ኖሮ እሱም አይሠራም ነበር። እዚያ ሳሎን ውስጥ ግን መርፌው አለ፣ ማርከሻው የለም። የት ይገኛል ብለን አልጠየቅንም።

ወደ ሐኪሟ ስንሄድ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ በከባድ መኪናዎች መሀል እየተንፏቀቅን፣ እኔ የሻሼን ጫፍ በትኩስ ውሃ ነክሬ ከንፈሯ ላይ ይዤ፣ ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቃላችሁ? የእማዬ ንቅሳት። ድዷን ሲነቅሷት በልጅነቷ ነው፣ ለቀናት እህል አልቀመስኩም ትላለች። እሷን «ትፈልጊያለሽ?» ያላት የለም። ሚጡ ግን ጠይቃ ነበር። ጠይቃ፣ እኔ መለስኩላት... ይሄን ለምን ከዚያ ጋር እንዳያያዝኩት እንጃ። ይለያያል መሰለኝ። ተዉት።

ማርከሻውን ከተወጋች በኋላ ቀለሙ ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ጥግ ላይ፣ ከዚያ መሀሉ። እኔ ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ዛሬ ብታዩዋት አታውቁም።

ትላንት ማታ እንጀራ እየጋገርን፣ ዞር ሳትል፣ «ሐኪሟ ጋ ቢሆንስ? ከሠራችው ጉዳት አለው?» አለችኝ።

ምጣዱን ከደንኩት። ምን እንደምላት... ቆይ፣ ዶሮው ጀመረ።