ቁጭ ያሉት ሰዎች

እሺ... እየቀዳ ነው። ወንበሩ ይሰማችኋል አይደል? አዎ፣ ያው ወንበር ነው። እንዳትጽፉልኝ።

ዛሬ የቤት ኪራዩን ጉድ ልጨርስላችሁ ነበር። ግን "ፕሮፌሰሩ" አንድ ጥናት ላከልኝ። "አንብበው፣ ላንተ የተጻፈ ነው" ይላል። እንዲህ ሲል ነው የምፈራው። ይኸው ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም።

ጥናቱ የሣራ ስታይን ነው፤ በ2002 የወጣ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ አትቀየሙኝ። ስለዚያ የአፕል ማስታወቂያ ነው። "1984" ስለሚባለው፤ ስክሪን ላይ ያለ ሰውዬ ቁጭ ላሉ ሰዎች ሲለፍፍ አንዲት ልጅ መዶሻ ይዛ ስለምትሮጥበት። ካላያችሁት እኔን አቁሙኝና አይታችሁት ተመለሱ። አንድ ደቂቃ ነው።

እኔ እንደገባኝ ሴትየዋ የምትለው ይሄን ነው። ማስታወቂያው ኮምፒውተር ከመሸጡ በፊት ገዢውን ይፈጥራል። አይተኸው ስትጨርስ "እኔ የሯጯ ወገን ነኝ" የምትል ሰው ሆነሃል። ማኪንቶሹን፣ ኮምፒውተሩን ማለቴ ነው፣ የሚገዛው ያ አዲሱ ሰው ነው። እውነቷን ነው እኮ! ዕቃው መቼ ታየ? ልጅቷ ካናቴራ ላይ በመስመር የተሳለች ነገር አለች፣ በቃ እሷ ናት። 2,495 ዶላር የሚሸጥ ዕቃ ሳያሳዩህ ልብህን ወሰዱት።

ይህን ሁሉ አንብቤ፣ ተምሬ፣ ድጋሚ ከፈትኩት። ፀጉሬ ቆመ! ጥናቱ ምንም አልፈየደልኝም። ይሄ አያናድድም?

ታሪኩም ደስ ይላል። የአፕል የቦርድ አባላት ሲያዩት አልወደዱትም። የገዛነውን የአየር ሰዓት መልሳችሁ ሽጡት ተባለ። ቺያት ዴይ፣ የማስታወቂያ ድርጅቱ ማለት ነው፣ ሠላሳ ሰከንዱን ሸጠና ስልሳውን አስቀረ። ጃንዋሪ 22፣ 1984 በሱፐር ቦውል፣ በአሜሪካን ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ፣ መሀል ለቀቁት። ጨዋታው 38 ለ 9 ነው ያለቀው፤ ዛሬ ግን ሰው የሚያወራው ስለ ማስታወቂያው ነው። ደሞ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ታይቷል፤ አይዳሆ ውስጥ ትዊን ፎልስ የምትባል ከተማ፣ በዲሴምበር መጨረሻ ምሽት። ለምን? የ1983 የሽልማት ውድድር እንዳያመልጠው! አያችሁ፣ አብዮተኛውም ሰርተፍኬት ይፈልጋል።

ምን ላወራ ነበር... አዎ፣ እማዬ።

ሳየው እማዬ ከጎኔ ሆና ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና አለችና "ይሄ ምንድን ነው? የቀበሌ ስብሰባ ነው?" አለችኝ። ሳቅኩ። "የኮምፒውተር ማስታወቂያ ነው" አልኳት።

"ሰውየው ምን እያለ ነው?"

"በዓል አለ። አንደኛ ዓመቱን እናከብራለን ይላል።"

"ታዲያ ምን አልኩህ?"

ከዚያ ዝም ብላ አየች። እኔ ሯጯን ነው የማየው። እሷ ግን ቁጭ ያሉትን ነው የምታየው። እነዚያን ግራጫ የለበሱ፣ አፋቸውን ከፍተው ስክሪኑ ላይ ያፈጠጡትን። "ሰዎቹን ሞኝ አደረጓቸው" አለች። "እኛም እንዲህ ነበር የምንቀመጠው። ልባችን ግን እዚያ የለም። ሰውየው ስለ አብዮቱ ይጮሃል፣ እኔ ኅብረት ሱቅ ስኳር ገብቶ ይሆን እላለሁ። ጎረቤቴ ዓይኗን ገልጣ ነበር የምትተኛው። ስንወጣ በሳቅ እንሞታለን።"

ትንሽ ቆየችና "ሁሌ አይደለም" አለች። ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

ሁሌ አይደለም።

እኔም አልጠየቅኳት። ማስታወቂያው ሲወጣ እኮ እኛ ጋ 1976 ነው። በዚያ ዓመት እነ እማዬ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሰልፍ ሲለማመዱ ነው የከረሙት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስለ ነፃነት የፈረንጅ ጥናት አነባለሁ... ተዉት።

ብቻ ከዚያ በኋላ መጨረሻው ላይ ዓይኔ ቀረ። መዶሻው ስክሪኑን ይመታዋል፣ ይፈነዳል። ብርሃን፣ ነፋስ። ሰዎቹስ? አይነሱም! አንድ ሰው አይነሳም። አፋቸው እንደተከፈተ ነው። ወዲያው ሌላ ድምፅ ይመጣና ጃንዋሪ 24 አፕል ማኪንቶሽን ያስተዋውቃል ይላል። ለእኛ ነው የሚናገረው? እነሱም እየሰሙት ነው እኮ። ተናጋሪው ተቀየረ፣ ሰሚው ባለበት ነው።

ስታይን ልክ ናት፣ ከሯጯ ጋር አሰለፈኝ። ግን እኔ ጀግና እንድሆን ሌላው መፍዘዝ ነበረበት? ቁጭ ያለ ሁሉ አምኖ ነው የተቀመጠው ያለው ማን ነው? እንጃ... ምናልባት እያካበድኩት ነው። የአፕልን ተፎካካሪ፣ አይቢኤምን፣ ለመንካት የተሠራ ማስታወቂያ ነው። እማዬም ብትሆን የሠርግ ቪዲዮ ስታይ ሳይቀር ቀበሌ ነው የሚታያት።

በ2020 ኤፒክ ጌምስ የሚባል የጌም ኩባንያ ከአፕል ጋር ተጣልቶ ይህንኑ ማስታወቂያ ቀድቶ አፕልን ስክሪኑ ላይ ሰቀለው። የሚናገረው ፖም ሆነ። ሳቅኩኝ፣ ሳቄ ግን ቶሎ አለቀ።

ደሞ ሌላ ነገር። የመጀመሪያውን ማስታወቂያ የፊልም ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት የቀረጸው እንግሊዝ አገር ነው። ሯጯ አንያ ሜጀር ትባላለች፤ ዲስከስ ወርዋሪ ስለነበረች መዶሻው አልከበዳትም። ቁጭ ያሉትን ሆነው የሠሩት፣ ፀጉራቸውን የተላጩት ልጆች ግን ሥራ ነው ተብለው መጥተው፣ ቁጭ በሉ፣ አፍ ክፈቱ ተብለው... ልባቸው የት ነበር? ምሳ ላይ? ክፍያው ላይ? የእማዬ ጎረቤት በመሀላቸው ብትኖር አሳምራ ትተኛ ነበር።

ያቺን "ሁሌ አይደለም" ያለቻትን ልጠይቃት እላለሁ። ምን ብዬ ነው የምጠይቃት? ማይክ ይዤ አይሆንም። ያለ ማይክ ብጠይቃት ደግሞ "ነገ ልታወራው ነው አይደል?" ትለኛለች። ልክ ናት፣ ይኸው እያወራሁት አይደል? ይሄንንም ክፍል ትሰማው ይሆናል፤ እህቴ ከፍታ ታሰማታለች። እማዬ፣ ከሰማሽው... እኔ እንጃ። ከፈለግሽ ብቻ ነው።